ለገና የሚነበብ የፍቅር ልብ ወለድ፣ ጅማ ውስጥ ከየት?

ገና ሲቃረብ «ቀለል ያለ የፍቅር መጽሐፍ ጠቁሙኝ፣ የማያስለቅስ ይሁን» የሚለኝ ሰው ይበዛል። ሰሞኑን ደግሞ ደሴት ላይ የሚካሄዱት ታሪኮች ተፈላጊ ሆነዋል። እኔም ሱሱ ስላለብኝ፣ የት ምን እንደሚገኝ ልንገራችሁ።

አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ ናቸው። ታሪኩ ስኮትላንድ ወይም አሜሪካ ዳርቻ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ከተማ የሰለቻት ሴት ለገና ትመጣለች። ከአክስቷ ዳቦ ቤት ወርሳለች፣ ዳቦ ቤቱ ግን ሊዘጋ ነው። ማዕበል ይነሣና ጀልባ ይቋረጣል። እሷም ዓይኑን ማየት ከማትፈልገው ሰው ጋር እዚያው ትቀራለች። የቀረውን ገምቱት! መጨረሻው ደስታ ካልሆነ አንባቢ አይምርም፤ የዘውጉ ሕግ ነው። የኛዎቹ የፍቅር ልብ ወለዶች ግን አንዱን ሳይገድሉ አይለቁንም።

እኔ የምወደው ግን ፍቅሩን ሳይሆን ጎረቤቶቹን ነው። ደሴቲቱ ላይ ማን ከማን ጋር እንደታየ ሻይ ሳይፈላ ይሰማል። ቡና የሚጠራራ ሰፈር ላደገ የጅማ ልጅ ይሄ እንግዳ አይሆንበትም። ጅማ ደሴት የላትም እንጂ (ከተማዋ አጠገብ ያለው ቦዬ ውሃ ላይ ያሉት ጉማሬዎች ናቸው) ወሬው ያው ነው።

ወደ ገበያው እንምጣ። የመጀመሪያ ምርጫዬ መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ የሚዘረጉት ያገለገሉ መጻሕፍት ናቸው። ዋጋው ከአዲሱ በብዙ ይቀንሳል፣ መከራከርም ይቻላል። ሽፋኑ ላይ በረዶ የለበሰ ጣሪያ፣ ባሕር ዳር የቆመ የመብራት ማማና አንድ ውሻ ካያችሁ አግኝታችሁታል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ይላችኋል። እናንተ ጀርባውን ለጠጥ አድርጉት። ኮፒ ከሆነ ሙጫው ይንጣጣል፣ ጽሑፉ ግራጫ ነው፣ የዳር መስመሩም ተቆርጦ ፊደል ይበላል። ከሁሉ በላይ የመጨረሻዎቹን ገጾች ቁጠሩ። ከአንድ ቦታ የገዛሁት መጽሐፍ ልጁ በጀልባ ሲመለስ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ተቀድዷል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያለ መጨረሻው ምን ይረባል?

አዲስ ከፈለጋችሁ መጻሕፍት ጎን ለጎን የሚሸጡ ጽሕፈት መሣሪያ ቤቶችን ጠይቁ። እዚያ የሚበዛው የአማርኛው ነው። የጀርባ ሽፋኑ ላይ ዋጋው ታትሟል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሌላ ዋጋ በወረቀት ይለጠፍበታል። ወረቀት ስለተወደደ አልፈርድባቸውም፣ ግን ጠይቁ። ትርጉም ከሆነ ደግሞ ሽፋኑን በደንብ አንብቡ። «ውርስ ትርጉም» የሚል ካለበት ስሙም ቦታውም ሊቀየር ይችላል። ደሴቷን ፈልጋችሁ ገዝታችሁ ታሪኩ አዲስ አበባ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ለስጦታ ግን አዲሱ ይሻላል፤ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ለእጮኛ አይሰጥም።

የመጽሐፍ ኪራይ ለሚቸኩል ሰው ጥሩ ነው። መያዣ ታስቀምጣላችሁ፣ አንብባችሁ ትመልሳላችሁ። በዓል ሰሞን ግን ጥሩ ጥሩው ቀድሞ ይወሰዳል። የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ያላችሁ ቤተ መጻሕፍቱን ሞክሩ፤ ለዚህ ዘውግ ብዙ ተስፋ ባታደርጉም ነፃ ነው።

ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀውን ስካን አልመክርም። ዓይን ያደክማል፣ ለደራሲውም አንድ ብር አይደርሰውም። ትረካ ግን ሌላ ነገር ነው። ዶሮ እየገነጠለ፣ ሽንኩርት እያቁላላ መጽሐፍ መያዝ ለማይችል ሰው ከትረካ የሚበልጥ የለም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከበት ዘመን ጀምሮ ጆሯችን ለምዶታል። ችግሩ የደሴት ፍቅር በአማርኛ ትረካ ማግኘት ከባድ ነው።

ደሴቱ የኛ ይሁን የሚልም አለ። እኔም እመኛለሁ። ጣና ላይ ደቅ አለ። ዝዋይ ላይ ቱሉ ጉዶ አለ፤ የዛይ ሕዝብ የራሱ ቋንቋ ያለው፣ ከሐይቁ ጋር የኖረ ነው። ጀልባም፣ ገናም፣ ሁሉን የሚያውቅ ጎረቤትም እዚያ ሞልቷል። የሚጽፍ ካለ ቀድሜ የምገዛው እኔ ነኝ።

ጅማ ካጣችሁት አዲስ አበባ ያለ ሰው ለገሃር ወይም ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት ሻጮች ይግዛላችሁ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአውቶቡስ በቶሎ ይደርሳል። የፈረንጆቹ ገና በኛ ታኅሣሥ 16 ነው፤ ያኔ ከጀመራችሁ ለኛው ታኅሣሥ 29 ትጨርሱታላችሁ። ስለዚህ ከታኅሣሥ አጋማሽ በፊት እዘዙ። ከዚያ በኋላ መኪናው በበዓል መንገደኛና በጓዙ ይጨናነቃል። ላኪውንም «በላስቲክ ጠቅልለው» በሉት፤ አጠገቡ የቅቤ ዕቃ ሊቀመጥ ይችላል።