የቤዝመንት እንግዳዬ ደረጃ ላይ ወደቀችብኝ፣ ምን ላድርግ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ እኔና ልጆቼ ከላይ ነን፣ ቤዝመንቱን በኤርቢኤንቢ፣ ለአጭር ጊዜ እንግዳ በሚያመጣው አፕ፣ አከራያለሁ፣ ከካውንቲው ላይሰንስ አለኝ። ቅዳሜ ዝናብ ነበር፣ እንግዳዬ የውጩ ደረጃ ላይ አዳልጧት ወደቀች፣ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። የደረጃው መደገፊያ ብረት ላላ ብሎ ነበር፣ ዛሬ ነገ አሰራዋለሁ እያልኩ ነው የቆየሁት፣ በሱ ምክንያት እንቅልፍ አጥቻለሁ። አሁን "የኢመርጀንሲውን ቢል ማነው የሚከፍለው?" ብላ ቴክስት አደረገችልኝ። ይቅርታ ብዬ ራሴ ልክፈላት? የቤት ኢንሹራንሴስ ይሸፍናል አይደል?

ኢንሹራንስ የምሰራ፦ እህቴ አይዞሽ። ደህንነቷን ጠይቂያት፣ እግዚአብሔር ይማርሽ በያት፣ ግን "ጥፋቱ የኔ ነው እኔ እከፍላለሁ" ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ቃል ከገባሽ በኋላ ኢንሹራንሱ አልሸፍንም ሊልሽ ይችላል። ዛሬውኑ አፑ ላይ ሪፖርት አድርጊ፣ ኤርቢኤንቢ ለአከራዮች የሚሰጠው ኤርከቨር የሚሉት ዋስትና ውስጥ፣ እንግዳ ተጎድቶ በህግ ተጠያቂ ሆነሽ ከተገኘሽ እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የሆስት ላያቢሊቲ ሽፋን አለ። ለቤት ኢንሹራንስሽም ደውይ፣ ብቻ ተራው የሆምኦነር ፖሊሲ አብዛኛውን ጊዜ ቢዝነስ ነክ ነገር አይሸፍንም፣ ለእንግዳ ማከራየትሽን ደግሞ እንደ ቢዝነስ ነው የሚያዩት። ለወደፊቱ ሆም ሼሪንግ ኢንዶርስመንት፣ ማለትም ለእንግዳ ማከራየትን የሚሸፍን ተጨማሪ ውል፣ ይጨምሩልሽ እንደሆነ ጠይቂያቸው። የብረቱን ነገር ግን እንዳትደብቂ፣ ሲጠይቁሽ እንደነበረው ንገሪያቸው።

ዲሲ ነኝ፦ እኔ ኤልኤልሲ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት ማለት ነው፣ ከፍቼ ነው የማከራየው፣ ምንም አያሰጋኝም፣ አንቺም ክፈቺ።

ኢንሹራንስ የምሰራ፦ ወንድሜ ኤልኤልሲ የሆስፒታል ቢል አይከፍልም፣ ብረቱን ራስህ ቸል ካልክ በግልህም ሊከሱህ ይችላሉ። መጀመሪያ ኢንሹራንሱን አስተካክል። እህቴ፣ ሜሪላንድ ላይ ተጎጂው ራሱ ትንሽ ጥፋት ካለበት ካሳ ሊቀርበት ይችላል፣ ስለዚህ ጥፋተኛው ማን ነው የሚለውን አንቺ ቀድመሽ አትወስኚው። ክስ ለማቅረብ ደግሞ ባጠቃላይ 3 ዓመት ጊዜ አላት፣ ቴክስትም ሆነ ፎቶ አንድም ነገር እንዳታጠፊ።

ሃንዲማኑ፦ ብረቱን ከማስነካትሽ በፊት ከቅርብም ከሩቅም ፎቶና ቪዲዮ አንሺው፣ ከዛ ሌላ እንግዳ ሳይገባ አሰሪው። ብዙ ጊዜ ብሎኑ ሲሚንቶው ውስጥ ዝጎ ነው የሚላላው፣ እዛው ቀዳዳ ላይ ቢያጠብቁት በሳምንቱ ይመለሳል፣ አዲስ ተበስቶ አንከር፣ ሲሚንቶ ውስጥ የሚነክሰው ብሎን፣ ይግባበት። ደረጃዎቹ ላይ የማያዳልጥ ቴፕ ለጥፊ፣ ሰው ሲመጣ የሚበራ መብራትም አድርጊ። እግረ መንገድሽን የመኝታ ቤቱን መስኮት ለኪው፣ እሳት ቢነሳ ሰው ሊወጣበት ይገባል፣ ከወለሉ እስከ መስኮቱ መክፈቻ ታችኛው ጠርዝ ከ44 ኢንች መብለጥ የለበትም።

እማማ ቡና፦ ልጄ እኔም አንድ ልንገርሽ። ለሰርግ ከአትላንታ የመጡ የኛው ልጆች አርፈውብኝ ነበር፣ ሲሄዱ ላጸዳ ብወርድ ስሞክ ዲቴክተሩ ባትሪው ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። እጣን ሲያጨሱ ጮሆባቸው ነው፣ ለካ ቡናውንም መስኮት ዘግተው በከሰል ነው ያፈሉት፣ ረከቦቱ ስር አመድ ፈሶ አየሁ። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ እሱ ደግሞ ሽታ የለውም፣ ተኝተው ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንት ቀን ሰውነቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ባትሪው የማይወጣውን 10 ዓመት የሚሰራውን አስገጥሜያለሁ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርምም መኝታ ቤቱ በር አጠገብ አለ፣ ጀበናና የኤሌክትሪክ ምድጃም አስቀምጬ "ቤት ውስጥ ከሰል አይቀጣጠልም" ብዬ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለጥፌያለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ፎቶውን አንስቼ ሪፖርት አድርጌያለሁ፣ ለልጅቷም "አሳውቄያለሁ፣ እነሱ ያናግሩሻል፣ እንዴት አደርሽ" ብዬ ብቻ ጻፍኩላት፣ መልሳ አመሰገነችኝ። ኢንሹራንሱ ሰኞ ይደውላል። የሚቀጥለውን ቡኪንግ ሰርዣለሁ፣ ብረቱ ሳይሰራ ማንንም አላስገባም። እማማ፣ የጠቀሱት አላርም ከየት ነው የገዙት?

እማማ ቡና፦ ሆም ዲፖ አለልሽ ልጄ።