«ደርሷል» ይላል፣ ባናው ግን የለም

የመሐል ሜዳ ልጅ፦
እንደምን ሰነበታችሁ ያገሬ ልጆች። እኔ ሚኒሶታ ማስተርሴን ጀምሬያለሁ፤ የምኖረው የዩኒቨርሲቲው ዶርም ነው። እናቴ የዚህን አገር ብርድ ሰምታ ባና (የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ)፣ በሶ እና ትንሽ ቆሎ በኢኤምኤስ፣ በፖስታ ቤቱ ፈጣን መልእክት፣ ላከችልኝ። ወንድሜ ነው ደብረ ብርሃን ወርዶ ያስገባው። አሁን የመከታተያ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ሳስገባ «ደርሷል፣ ተፈርሞበታል» ይላል። የፈረመውን ሰው አላውቀውም። የግቢው ፖስታ ክፍል ሄጄ ስጠይቅ ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ «በዚህ ስም የመጣ ነገር የለም» አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፣ ወጣሁ። እናቴ በደወለች ቁጥር «ለበስከው ወይ?» ነው የምትለኝ። ምን ልበላት? ተሰርቆ ይሆን እንዴ?

ሞላሌ፦
ውይ ባና! የኔ ወንድም፣ ሆዴን አባባኸው። እናቴ ጸጉሩን ስትፈትል፣ አባቴ ሲሸምነው ነው ያደግኩት። እዚህ የገዛሁት ብርድ ልብስ ሁሉ ቀላል ነው፣ ከላይህ ያለ አይመስልም። ባና ሲጫንህ ነው እንቅልፍ የሚወስድህ። እግዜር ያግኝልህ። ለጥያቄህ ግን መልስ የለኝም፣ ይቅርታ።

ጣርማበር፦
አይዞህ፣ የተሰረቀ አይመስለኝም። እኔ ቨርጂኒያ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዕቃ መረከቢያ ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ትልልቅ ግቢ ላይ ፖስተኛ በየዶርሙ አይዞርም። የፖስታ ቤቱም፣ የዩፒኤስም፣ የፌዴክስም፣ የአማዞንም መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚያራግፈው አንድ ቦታ ነው። እዚያ የቆመ ሠራተኛ ለሁሉም በጅምላ ይፈርማል። አንተ ያየኸው ፊርማ የእሱ ነው። የፖስታ ቤቱ ሥራ እዚያ ላይ አለቀ። «ደርሷል» ማለት ዩኒቨርሲቲው እጅ ገባ ማለት ነው እንጂ አንተ እጅ ገባ ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ የግቢው ነው።

ከተራገፈ በኋላ ይለያል። የላብራቶሪ ዕቃ፣ በተለይ በደረቅ በረዶ የታሸገ ነገር፣ ማደር ስለሌለበት ቀድሞ ይወጣል። የመምህራንና የቢሮ ዕቃ በቫን ተጭኖ በየሕንፃው ይታደላል። የተማሪው ግን ስካን ይደረጋል፣ ስሙ ከተማሪዎች መዝገብ ጋር ይመሳከራል፣ ቁጥር ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ኢሜይል ይመጣልሃል፣ መታወቂያህን አሳይተህ ትወስዳለህ። አንዳንድ ግቢ ደግሞ ሎከር አለ፤ በስልክህ በመጣልህ ኮድ ራስህ ትከፍታለህ፣ ሌሊትም ቢሆን።

አሁን ወዳንተ ጉዳይ ልምጣ። ወንድምህ የጻፈው ስምህንና የአባትህን ስም ነው አይደል? ግቢው የመዘገበህ ግን በፓስፖርትህ ነው፤ እዚያ ላይ የቤተሰብ ስም የሆነው የአያትህ ስም ነው። ልጅቷ ስትፈልግ የምትጽፈው ደግሞ የቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ ዕቃህ ባባትህ ስም ቁጭ ብሎ፣ ስትጠራ የምትውለው ያያትህን ነው። የዶርም ሣጥን ቁጥርህም ካልተጻፈበት «ባለቤቱ ያልታወቀ» የሚባለው መደርደሪያ ላይ ነው የሚሆነው። እንዲህ ያለ መደርደሪያ የሌለው ግቢ አላየሁም። ትምህርት ሲከፈት እስከ ጣሪያ ይሞላል፤ አንሶላው፣ ፍሪጁ፣ መስታወቱ፣ ምኑ ቅጡ! ጊዜው ሲያልፍ ግን ወደ ላኪ ስለሚመልሱት ፍጠን።

ስትሄድ በስም አትጠይቅ። የመከታተያ ቁጥሩን አሳያቸው፤ በሁለት ፊደል ጀምሮ በኢቲ (ET) የሚያልቀውን፣ ፊደሉና አኃዙ በጠቅላላው 13 የሆነውን። ፓስፖርትህንም ያዝ። ጨርሶ ከጠፋ ግን ፍለጋ የሚያስከፍተው ላኪው ነው። ወንድምህ ደረሰኙን እንዳይጥል አሁኑኑ ደውልለት።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። በርግጥም ያባቴን ስም ነው የጻፈው። ኢሜይል አልመጣልኝም። የሣጥን ቁጥር የሚባል ነገር እንዳለ ደግሞ ማን ነገረኝ! ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።

ባሶና፦
ጋሽ ጣርማበር፣ ይሄ ሁሉ ስካንና ኮድ ለአንድ ባና! እኔ አገር ቤት በተማርኩበት ግቢ የመጣልኝን ዕቃ የሚነግረኝ የሚኒባሱ ረዳት ነበር። «መናኸሪያ ነኝ፣ ቶሎ ና፣ ልንወጣ ነው» ይላል። ሮጠህ ትደርሳለህ። ከረጢቱን ተሸክመህ ግቢው በር ስትደርስ ደግሞ ፍተሻ አለ። ጥበቃው የበሶውን ላስቲክ ይፈታል፣ ያሸታል፣ ጣቱን ልኮ ይቀምሳል። «የየት ገብስ ነው?» ይለኛል። የጅሩ ነው ካልኩት ትንሽ ይዘግናል። ዶርም ስገባ የተረፈው ላይ ስምንት ሰው ይጠብቀኛል።

በፖስታ የሚመጣውማ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ነው። እንደ ሌላው መሥሪያ ቤት ሁሉ ዩኒቨርሲቲም የሚጠራው በፖስታ ሣጥን ነው፤ ለምሳሌ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ 445 ነው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይገባና ቁጥር ይወጣለታል፣ ከዚያ ተላላኪ እያስፈረመ ያድላል። የተማሪ ስንቅ እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም።

አንኮበሬው፦
ቅር አይበላችሁና እኔ የምለው ሌላ ነው። ኢኤምኤስ በኪሎ ነው የሚያስከፍለው፤ ባና ደግሞ ክብደቱን ታውቁታላችሁ። እናቱ ለዚያ የከፈሉት ብር ምን ያህል ገብስ ተሸጦ ይሆን? ልጁ እዚያው ሚኒሶታ ጃኬት ገዝቶ፣ ፎቶ አንስቶ ቢልክላቸው አይሻልም ነበር? እኛ እዚህ ሆነን ወደዚያ እንልካለን እንጂ ከዚያ ወደዚህ ማስላክ ነውር ነው።

ሞላሌ፦
ነውር? እናት ለልጇ ላከች፣ ምኑ ነው ነውሩ? ልጁ ላኪልኝ አላለ። እኔ በየወሩ ብር እልካለሁ፤ እናቴ ብሩን ስትቀበል «እግዜር ይስጥሽ» ትላለች፣ እንደ እንግዳ። ሽሮ ልካልኝ ደረሰኝ ያልኳት ቀን ግን ስልኩ ላይ እልል ነው ያለችው። እሷም መስጠት አለባት እኮ።

ሸዋ ሮቢት፦
ኧረ ሰው ሲመጣ መላክ እያለ ፖስታ ቤት ምን ወሰዳችሁ? በየሳምንቱ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። አንድ ሻንጣ ጥግ ላይ ባና አይጠፋም ነበር።

አንኮበሬው፦
ይኸው መጣ! ሻንጣው ያንተ አይደለማ። የሰው ዕቃ ይዤ መጥቼ ከበርበሬው ሥር ቋንጣ ወጣብኝ። ሥጋ እንደማይገባ ሕፃን ያውቃል። ኤርፖርት ላይ ቆሜ የተጠየቅኩት እኔ፣ ቅጣቱም የኔ። ላኪዋ ግን «ቋንጣዬን ምን አደረግከው?» ብላ እስከ ዛሬ ታኩርፈኛለች።

ሸዋ ሮቢት፦
ፈትሸህ አትይዝም ነበር? እምቢ ማለትም አለ።

ጣርማበር፦
እዚህ ላይ አንኮበሬው እውነት አለው። በፖስታም ቢሆን ነገሩ ጠብቋል። እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ አሜሪካ ያለቀረጥ ይገባ የነበረው ከነሐሴ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ቀርቷል። ስጦታ ከሆነ እስከ 100 ዶላር የሚያወጣ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ፎርሙ ላይ «ስጦታ» ተብሎ ይጻፍ፣ ዋጋውም እውነተኛው ይሁን።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦
ሄጄ መጣሁ። በቁጥሩ ሲፈልጉት ተገኘ! ግን መደርደሪያው ላይ የለም። እኔ ዲፓርትመንቱ ውስጥ አስተማሪ ረዳት ስለሆንኩ በሠራተኞች መዝገብም አለሁ። ዕቃው ከቢሮ ዕቃ ጋር በቫን ወደዚያ ሄዷል አሉኝ። ዲፓርትመንቱ ሄጄ ጸሐፊዋን ስጠይቃት አላየሁም አለች። ጋሽ ጣርማበር፣ ቫኑ ሲያደርስ የሚያስፈርመው ማንን ነው?

አንኮበሬው፦
ሸዋ ሮቢት፣ እምቢ ማለትማ አለ። አክስትህን እምቢ ብለህ ታውቃለህ? ሰርግ ላይ ማን አጠገብህ የሚቀመጥ መሰለህ?

ሸዋ ሮቢት፦
አክስቴን አትንካ። አንተ የፈራኸው ቅጣቱን ሳይሆን የሻንጣህን ኪሎ ነው።

ሞላሌ፦
እናንተ ሰዎች፣ ልጁ ጥያቄ ጠይቋል እኮ!

አንኮበሬው፦
እህቴ፣ ይመለስለታል። መጀመሪያ ግን ይሄ ሰውዬ ስለ ኪሎ ያለውን ያስረዳኝ።