ሶኒ ኤ7አር ማርክ 5 ለሰርግ ሥራ፦ 61 ሜጋፒክስል ያዋጣል ወይስ ጣጣ ነው?

ባለካሜራው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሁን የምሠራው በሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ነው። ዋና ሥራዬ ሰርግና ምርቃት ሲሆን ጎን ለጎን ለሆቴልና ለቢሮ ግድግዳ የሚሰቀል የመልክዓ ምድር ፎቶ አሳትማለሁ። አሁን ደግሞ የብራና መጻሕፍትን በፎቶ የማስቀረት ሥራ መጥቶልኛል። ወደ ኤ7አር ማርክ 5 ልሻገር አስቤ ሦስት ነገር ያሳስበኛል፦ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፅ አልባው ሹተር (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው) ያስተማምናል ወይ? ማታ አዳራሽ ውስጥ ኖይዙ (በአነስተኛ ብርሃን ፎቶው ላይ የሚወጣው ነጠብጣብ) እንዴት ነው? የፋይሉስ ክብደት? ያሉኝ ሌንሶች ከካሜራው ጋር የመጣው 28-70 እና 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ናቸው። ላፕቶፔ 16 ጊጋ ራም አለው።

ጥላና ብርሃን፦
ከሹተሩ ልጀምር፤ ሰርግ ላይ ጉድ የሚያፈላው እሱ ነው። የዚህ ካሜራ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባዩ) በኤሌክትሮኒኩ፣ ማለትም በድምፅ አልባው ሹተር ምስሉን ከላይ እስከ ታች አንብቦ ለመጨረስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ይፈጅበታል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ተራ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ሴንሰሩ አንዴ ወርዶ እስኪጨርስ አምፖሉ አሥር ጊዜ ይበራል፣ ይደበዝዛል። በ1/500 ሰከንድ ብታነሳ ምስሉ ላይ ወደ አሥር የሚጠጋ አግድም መስመር ተጋድሞ ታገኘዋለህ፤ ነጭ ቬሎ ላይ ደግሞ ፍንትው ብሎ ነው የሚታየው።

መፍትሔው 1/100 ወይም 1/50 ላይ መቆም ነው፤ እያንዳንዱ የሴንሰሩ ረድፍ የመብራቱን ሙሉ ዑደት ስለሚያገኝ መስመሩ ይጠፋል። ይህ የሚሠራው በመብራት ኃይል ድግግሞሽ ለሚርገበገብ አምፖል ነው። የመድረክ ኤልኢዲና ዲመር ያለው ጌጥ መብራት በራሱ ድግግሞሽ ስለሚሄድ በ1/100 አይታለልም። ለእሱ ሜኑ ውስጥ ያለውን ቫሪያብል ሹተር (የሹተሩን ፍጥነት በጣም በትንሽ ልዩነት መቀየሪያ) ከፍተህ መስመሩ ስክሪን ላይ እስኪሰወር ድረስ ፍጥነቱን በጥቂት በጥቂቱ ቀይር። ካልሆነ ወደ ሜካኒካሉ ተመለስና አንቲ ፍሊከሩን (የመብራት መርገብገብ መከላከያውን) አብራ።

እስክስታ ሲጀመር ግን ድምፅ አልባውን እርሳው። ትከሻና እጅ ይጣመማሉ፣ ፍላሽም አይሠራም። በሜካኒካል ሹተር ፍላሹን እስከ 1/250 ታመሳስላለህ። በ85ህ ኤፍ 1.8 ላይ ደጅ በ1/2000 ስታነሳም ኤሌክትሮኒክ ፈርስት ከርተኑን (የሹተሩ መክፈቻ በኤሌክትሮኒክ፣ መዝጊያው በሜካኒካል የሚሆንበትን ምርጫ) አጥፋው፤ አለዚያ ከጀርባ ያሉት የብርሃን ክቦች ግማሻቸው የተቆረጠ መስለው ይወጣሉ።

ባለ 35፦
እኔ ደግሞ ለሰርግ አትግዛው ባይ ነኝ። ሒሳቡን እንየው። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአልበም ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) የሚጠይቀው 4724 በ3543 ፒክስል፣ ማለትም ወደ 17 ሜጋፒክስል ነው። ያለህ 24 ሜጋፒክስል ይሸፍነዋል። 61 ሜጋፒክስሉ 9504 በ6336 ነው፤ በዚያው 300 ዲፒአይ 80 በ53 ሳንቲ ሜትር ያወጣል። ይህ ለግድግዳው ሥራህ ጥሩ ነው፤ ሙሽሮቹ ግን አልበሙን ሁለት ገጽ ዘርግተው በአንድ ፎቶ ካላስሞሉት በቀር አይጠቀሙበትም።

አሁን ፋይሉን ተመልከት። ያልታመቀ ራው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) አንዱ ከ120 ሜጋ ባይት ይበልጣል፤ 2,500 ፍሬም ያነሳህበት ሰርግ ከ300 ጊጋ አያንስም፣ መጠባበቂያ ቅጂ ስትጨምርበት ከ600 በላይ። ጥራቱን ሳይቀንስ የሚያምቀው ምርጫ እንደ ምስሉ ይዘት ከ70 እስከ 80 ሜጋ ገደማ ያደርሰዋል። ኤ7አር ማርክ 5 ከኤ7አር ማርክ 4 ከሚሻልባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፤ ኤ7አር ማርክ 4 ላይ ወይ ያልታመቀውን ትይዛለህ ወይ ጥራት የሚቀንሰውን። ይኸው ማመቂያ ኤም (መካከለኛ መጠን) ላይ ሲደረግ 26 ሜጋፒክስል ይሰጣል፣ ኤስ (ትንሹ) ላይ 15። ለሰርግ ኤም ይበቃል። ግን ሁሌ በ26 ልታነሳ የ61 ዋጋ መክፈል ምን የሚሉት ነው? ኤ7 ማርክ 4 በ33 ሜጋፒክስል ለዚህ ሥራ የተመጠነ ነው፤ በሚተርፈው ብር ያንን 28-70 ቀይረው።

በላፕቶፕህ የግድ ከሆነ ላይትሩም (የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም) ላይ ስማርት ፕሪቪው (የፋይሉን ቀለል ያለ ቅጂ) ሠርተህ በሱ አርም፤ ዋናዎቹ ፋይሎች በውጪ ኤስኤስዲ ይቀመጡ።

ራስ ዳሽን፦
ሌንሱ ላይ ከባለ 35 ጋር እስማማለሁ። ያ 28-70 በ24 ሜጋፒክስልም ጠርዙ ላይ ልል ነው፤ 61 ላይ ድክመቱ በደንብ ይጋለጣል። 85ቱ ግን ኤፍ 2.8 ላይ ያለ ችግር ይከተለዋል። ለመልክዓ ምድር ከኤፍ 5.6 እስከ ኤፍ 8 ሥራ። ፒክስሉ 3.76 ማይክሮን ስለሆነ ከኤፍ 11 በኋላ ብርሃኑ ራሱ ጫፉን ማለስለስ ይጀምራል፣ ኤፍ 16 ላይ ደግሞ የከፈልክበትን ዝርዝር መልሰህ ትሰጠዋለህ። ከፊት ያለው ጅብራም ከኋላ ያለው ገደልም ጥርት እንዲል ከፈለግህ የሌንሱን ቀዳዳ ከማጥበብ ይልቅ በፎከስ ብራኬቲንግ (ፎከሱን ከቅርብ ወደ ሩቅ እየቀየሩ ተከታታይ ፎቶ በማንሳት) አንሳና ኮምፒውተር ላይ አዋህደው።

በእጅ ስትይዝ የሹተሩ ፍጥነት በፎካል ርዝመቱ ልክ ይሁን (በ85 ሌንስ 1/85 ገደማ) የሚለው የድሮ ደንብ እዚህ አይበቃም፤ በ85 ቢያንስ 1/200 ያዝ። የካሜራው ማረጋጊያ የእጅህን እንጂ የሙሽራዋን እንቅስቃሴ አያቆምም።

ኖይዙን በተመለከተ አትጨነቅ። መቶ በመቶ አጉልተህ ስታይ ከኤ7 ማርክ 3 የባሰ ይመስላል፣ እኩል መጠን አድርገህ ስታትም ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። አንድ የሚጠቅም ነገር፦ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 320 ላይ ሴንሰሩ ወደ ሁለተኛው ማጉያ ስለሚሸጋገር ከአይኤስኦ 250 ይልቅ 320 ጥላው ላይ ንጹህ ነው።

ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ደግሞ ተጠንቀቅ። ይህ ሴንሰር ሎው ፓስ ፊልተር (ረቂቅ ዝርዝርን በጥቂቱ የሚያለሰልስ ማጣሪያ) የለውም። የሽመናው ድር ከፒክስሉ ድርድር ጋር ሲጋጭ ጨርቁ ላይ የቀስተ ደመና ዓይነት ሞገድ ይፈጠራል። ካሜራው ስክሪን ላይ ሳይጎላ የሚታይ ሞገድ ብዙ ጊዜ የስክሪኑ ነው፤ አጉልተህ አረጋግጥ። እውነተኛ ከሆነ ግማሽ ሜትር ቅረብ ወይም ራቅ። ከተነሳ በኋላ በላይትሩም ብሩሽ ይቀንሳል፣ ጥለቱ ላይ ግን ቀለሙን ሊያፈዝዘው ይችላል።

ባለካሜራው፦
በጣም አመሰግናለሁ። ለብራናው ፒክስል ሺፍት (ሴንሰሩ በጥቂቱ እየተንቀሳቀሰ ብዙ ፎቶ አንስቶ ወደ አንድ የሚዋሃድበት ዘዴ) ያስፈልጋል? ካርዱስ የትኛው ይሁን?

ጥላና ብርሃን፦
አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። 30 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገጽ ሙሉ ፍሬሙን ቢሞላ በአንድ ፎቶ ብቻ 800 ዲፒአይ ታገኛለህ፤ ዳር ዳሩን ቦታ ብትተውለት እንኳ የቀለሙ መሰነጣጠቅ ይታያል። ባለ 16 ፎቶው 240 ሜጋፒክስል ይሰጣል፤ ጥሬ ፋይሎቹ ብቻ ወደ 2 ጊጋ ይጠጋሉ፣ የሚዋሃዱትም ኮምፒውተር ላይ ነው። ትልቁ ችግር ግን ብራናው ራሱ ነው። ቆዳ ስለሆነ በመብራት ሙቀትና በእርጥበት ለውጥ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። በአሥራ ስድስቱ ፎቶ መሐል ጥቂት ከተንቀሳቀሰ ጽሑፉ ዙሪያ የጥልፍልፍ ምልክት ይወጣል። የመስኮት ብርሃንም ደመና ባለፈ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ያንኑ ያመጣል። ሐረጉና ሥዕሉ ላይ ትክክለኛ ቀለም ከፈለግህ ባለ 4ቱ ይሻላል፤ መጠኑ 61 ሜጋፒክስል ሆኖ ሁሉም ፒክስል ሙሉ ቀለም ያገኛል፣ ሞገዱም ይጠፋል።

90 ሚሊ ሜትር ማክሮ፣ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100። ግራና ቀኝ በ45 ዲግሪ ሁለት የማይሞቁ ኤልኢዲ፣ የቀለም ካርድ ከገጹ ጎን። ወለሉ ሳንቃ ከሆነ ሰው ሲራመድ አታንሳ። መጽሐፉን በግድ ገልጠህ አታስተኛው፤ ከሥሩ ትራስ አድርገህ እስከሚፈቅደው ብቻ ክፈትና ካሜራውን ከገጹ ጋር ትይዩ አድርገው።

ባለ 35፦
ካርድ፦ ሁለቱም ቀዳዳዎች ተራ ኤስዲ ካርድም ሆነ «ሲኤፍ ኤክስፕረስ ታይፕ ኤ» የሚባለውን ፈጣን ካርድ ይቀበላሉ። ታይፕ ቢ አይገባም፣ ሻጩ ይገባል ቢልህም። ለሰርግ ቪ60 የሚል የፍጥነት ደረጃ ያለው ኤስዲ በቂ ነው። ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ፋይል እየቀዳህ የምትሠራ ከሆነ ግን ሁለቱም እኩል ፈጣን ይሁኑ፤ በፍጥነት አከታትለህ ስታነሳ በፈሩ (ፎቶዎቹ ካርዱ ላይ እስኪጻፉ የሚቆዩበት የካሜራው ጊዜያዊ ማኅደር) የሚለቀው በዘገምተኛው ካርድ ልክ ነው።