ጅማ ላይ በትንሽ ገንዘብ የሞተር ውድድር መጀመር እንፈልጋለን፤ ከምን እንነሣ?

ጠያቂ፦ የሄርማታ ሞተረኛ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ ነው። በቦክሰር 150 ዕቃ እያደረስኩ ነው የምተዳደረው። የሞተር ውድድር በስልክ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ አሁን 26 ዓመቴ ነው፣ ሌላ ሰው ሲወዳደር ማየቱ በቃኝ። አራት ነን፦ እኔ፣ አንድ ሞተረኛ ጓደኛዬ፣ ቡና መጋዘን የሚሠራ አብሮ አደጋችንና ታናሽ እህቴ። እህቴ ከሦስታችንም የተሻለች ነጂ ናት።

ማታ ማታ አስፋልት ላይ የሚሽቀዳደሙ ልጆች "ኑ ግቡ" ይሉናል። አንገባም። ባለፈው ዓመት የሰፈራችን ልጅ እንደዚያ ሲሽቀዳደም ከባጃጅ ጋር ተጋጭቶ እስካሁን በክራንች ነው የሚሄደው። እኛ የምንፈልገው በሜዳ፣ በሥርዓት፣ በሰዓት የሚለካ ውድድር ነው። ዛሬ አራት ብንሆንም ቆይቶ ክለብ እንዲሆን እንመኛለን።

ገንዘባችን ጥቂት ነው። አራታችን አሟጠን በወር 12,000 ብር እናዋጣለን። የየራሳችንን ሞተር አዘጋጅተን እንጀምር ወይስ ሌላ እንግዛ? ሞተሩ ላይ ምን ይሠራ? ከሁሉ በፊት ምን ይገዛ? ጅማ ውስጥ የውድድር ትራክ ስለሌለ የት እንለማመድ?

መልስ፦ የአጋሮው መካኒክ

ልጄ፣ እንጀራህን አትወዳደርበት። ቅዳሜ ወድቆ ማኑብርዮው የተጣመመ ሞተር ሰኞ ዕቃ አያደርስም። የገንዘብ ማነስ ሳይሆን ኪሣራ ነው ብዙውን ጀማሪ ከዚህ ስፖርት የሚያስወጣው፤ አንድ ጊዜ ሞተሩን ይሰብርና ቤተሰቡ ሁለተኛ አይፈቅድለትም።

አራታችሁ ዕቁብ ግቡ፤ ዕጣው የሚወጣው ለሰው ሳይሆን ለሞተሩ ይሁን። አንድ አሮጌ ቦክሰር ወይም ሌላ 125 ወይም 150 ሞተር ግዙ፣ በቃ። አንድ ሞተር ለአራት ሰው ይበቃል ወይ ትለኝ ይሆናል። በሰዓት ስትወዳደሩ ሜዳው ላይ የሚኖረው አንድ ሰው ነው፤ ሦስቱ አንዱ ይመዘግባል፣ አንዱ ባንዲራ ይይዛል፣ አንዱ ያርፋል። ሁሉም በአንድ ሞተር ስለሚነዳ "የአንተ ሞተር ይበልጣል" የሚባል ክርክር አይኖርም፤ ማን እንደሚነዳ በግልጽ ይታያል።

ስትገዙ ቀለም አትዩ። በማለዳ ሂዱና ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሡት፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። ሰማያዊ ጭስ ከወጣው ዘይት ይበላል። ከኋላ ቁሙና ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን ተመልከቱ። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሡና መሪውን በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ መሃል ላይ ሲደርስ ያዝ የሚያደርግ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። የተጣመመ ሻንሲ በነጻም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። የቀረው ሁሉ ይጠገናል።

ከገዛችሁ በኋላ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ የፊት መብራትና ስታንድ አውርዱ፤ ሲወድቅ ተሰብሮ ሰው የሚቆርጠው እሱ ነው። የሞተር ዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ጭንቅላቱን በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱና የብረት ሽቦ አሳልፋችሁ ከሞተሩ አካል ጋር እሰሩት፤ ሽቦው ቡሎኑን ወደ መጥበቂያው አቅጣጫ እንዲስበው አድርጉ። ብዙ ክለብ ያለዚህ ሽቦ ትራክ አያስገባም። በንዝረት ላልቶ ዘይት የጣለ ሞተር ራሱን ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለውን ሁሉ ነው የሚጥለው።

ፍሬኑ የገንዘባችሁ የመጀመሪያ ድርሻ ነው። የቦክሰር የፊት ፍሬን በገመድ የሚሠራ ሸራ ከሆነ ሸራውንም ገመዱንም አዲስ ቀይሩ፤ ውኃ ከነካው በኋላ የመጀመሪያው ጭብጥ እንደማይዝ ሁላችሁም ዕወቁ። ካቴናው ከታች መሃሉን በጣት ስትገፉት ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲም ይንቀሳቀስ፤ ከዚያ በላይ ከላላ ይወልቃል፣ ከተወጠረ ኩሽኔታ ይበላል። ጋዙን ለቀቅ ስታደርጉት በራሱ ጠቅ ብሎ መመለስ አለበት። ሞተሩን አስነሥታችሁ መሪውን እስከ ጥግ ቀኝና ግራ አዙሩት፤ ድምፁ ከጨመረ የጋዝ ገመዱ ተወጥሯልና ሳይስተካከል እንዳትነዱ።

ጉልበት ጨምርልኝ ብላችሁ ወደ እኔ አትምጡ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ካርቡሬተር ያለው ሞተር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይይዛል። ያን ካያችሁ ጂግለሩን፣ ማለትም ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ቡሎን፣ አንድ ቁጥር አሳንሱ። ለአንድ ዓመት ከዚህ ውጭ ሞተሩ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ።

ጠያቂ፦ የሄርማታ ሞተረኛ

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ዕቁቡን ማናችንም አላሰብነውም ነበር። ግን ጓደኛዬ አፓቼ 180 የሚባለው ጉልበተኛ ሞተር ካልሆነ እያለ ነው፤ ቦክሰር ቶሎ ይሰለቸናል ይላል።

መልስ፦ ከናይሮቢ የተመለሰ

ለጓደኛህ እኔ ልመልስለት። ናይሮቢ አምስት ዓመት ስሠራ እሑድ እሑድ ጃምሁሪ ፓርክ ሞቶክሮስ፣ ማለትም አፈር ላይ የሚደረግ የሞተር ውድድር፣ አይ ነበር። ያስተዋልኩት አንድ ነገር፦ ደካማ ሞተር የያዘ ሰው መታጠፊያ ላይ ፍጥነቱን ካባከነ መልሶ አያገኘውም፤ ስለዚህ መታጠፍ ይማራል። ጉልበት ያለው የያዘው ግን ስሕተቱን በጋዝ ይሸፍናል፤ ከዓመት በኋላም ስሕተቱ አብሮት አለ። ቦክሰሩ የሚሰለቻችሁ አራታችሁም በመቶኛ ሰከንድ ስትቀራረቡ ነው። ያኔ አፓቼ ግዙ።

እኔ የገባሁበት መንገድ ደግሞ ይኸውላችሁ፤ አንድ ሳንቲም አላወጣሁበትም። ባንዲራ ያዥ ሆንኩ። መታጠፊያ ላይ ቆመህ ቀኑን ሙሉ ስታይ ማን የት ፍሬን እንደሚይዝ፣ ማን ለምን እንደሚወድቅ ትማራለህ። ስለዚህ ከአራታችሁ አንዱ ሁልጊዜ ባንዲራ ይያዝ፤ ገና ከጅምሩ ልማድ ይሁን። ቢጫ ሲውለበለብ ከፊት አደጋ አለና ፍጥነት ቀንስ፣ ማለፍ ክልክል ነው። ቀይ ከሆነ ዙሩ ተቋርጧል፣ ቀስ ብለህ ተመለስ። ሰማያዊ አንድ ዙር የቀደመህ ሰው ከኋላህ ደርሷል፣ መስመርህን ጠብቅና አሳልፈው። ጥቁር ከነቁጥርህ ከታየ ውጣ። ባለ ዳማው ማብቂያ ነው። አራት ሰው ብቻ ስትሆኑ ቢጫና ቀይ ይበቃችኋል።

ትራክ የለንም ላልከው፣ ሞቶክሮስ እንግሊዝ አገር በ1924 ሲጀመር ያገር ኮረብታና ጭቃ ላይ ነበር። የሚያስፈልጋችሁ አጨዳው ያለቀ ጠፍጣፋ ማሳ ነው። ሃያ ባዶ ሃይላንድ ሰብስባችሁ ግማሹን አፈር ሙሉና ምልክት አድርጉ። መንጃ ፈቃድ ስትፈተኑ የዞራችኋትን ስምንት ቁጥር ሰፋ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ቀጥሎ አንድ ረጅም መስመርና መጨረሻው ላይ ድንገት የሚጠብ መታጠፊያ ጨምሩ። አፈር ላይ ስትታጠፉ ሞተሩን አጋድሉት፣ እናንተ ግን ከላዩ ቀጥ በሉ፤ ክብደታችሁን በውጭው እግር መርገጫ ላይ ጣሉ። ዓይናችሁ ሃይላንዱ ላይ ከተተከለ ሃይላንዱን ትመታላችሁ፤ መውጫውን እዩ።

መልስ፦ ነርስ፣ ድንገተኛ ክፍል

እኔ ሞተር አልነዳም፤ የወደቁትን ግን እኔ ነኝ የምቀበላቸው። ወንድሜ፣ ከሞተሩ በፊት ሄልሜት ግዙ። አራት ሰው አንድ ሞተር ይጋራል፤ አራት ሰው አንድ ሄልሜት አይጋራም፣ ለአንዱ የሚጠብቀው ለሌላው ይሰፋልና። አገጭ የሚሸፍን ሙሉ ሄልሜት ይሁን። ማሰሪያው ላይ በክብ ውስጥ E የሚል የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ያለበት ጨርቅ የተሰፋበትን ፈልጉ፤ ያ የአውሮፓ ፍተሻ ያለፈ ነው። ያገለገለ በፍጹም አትግዙ። ውስጡ ያለው ፎም አንድ ጊዜ ሲመታ ይጨመቅና አይመለስም፤ ከውጭ አዲስ ይመስላል። ሄልሜቱን አጥልቃችሁ ማሰሪያውን አጥብቁና ጓደኛችሁ ከኋላ ጠርዙን ይዞ ወደ ፊት ይጎትተው፤ ከወጣ አይሆናችሁም።

በዚህ ፍጥነት የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንትና የእጅ አንጓ ነው፤ ሰው ሲወድቅ መሬቱን በመዳፉ ሊያቆመው ስለሚሞክር። የቆዳ ጓንት ያለው ሰው ቢያንስ መዳፉን ያተርፋል። ጉልበትና ክርን መሸፈኛ ከሰልባጅ ተራ ይገኛል፤ የስኬቲንግም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ወፍራም የቆዳ ጃኬትም እዚያው ይገኛል። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጠንካራ ቦቲ ጫማ አድርጉ፤ ማሰሪያውን ወደ ውስጥ ክተቱት፣ እግር መርገጫ ላይ ተጠምጥሞ ያጋድማል።

የወደቀ ሰው ራሱን ካልሳተና የሚተነፍስ ከሆነ እንኳ አንገቱን አመመኝ ካለ ባለበት ይተኛ። ሄልሜቱን ለማውለቅ አትቸኩሉ። አንድ ሰው ጭንቅላቱን ከሁለት በኩል ይያዝለት፣ አንዱ 907 ቀይ መስቀል ይደውል። ከመጀመራችሁ በፊት ማሳው ላይ ስልክ መያዙን አረጋግጡ፤ አምቡላንስ በየት በኩል እንደሚገባም ሁላችሁ ዕወቁ። ይህ ሳይሟላ ሞተሩ አይነሣ።

መልስ፦ ከቦሳ ቂጦ

ይህን ሁሉ ከምትለፉ እሑድ ንጋት ላይ አስፋልቱ ባዶ ነው። ማንም የለም። እኛ እዚያ ነው የለመድነው።

መልስ፦ የአጋሮው መካኒክ

ንጋት ላይ ባዶ አይደለም ልጄ። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ እናቶች አሉ፣ ከገጠር እንጨት ጭኖ የሚገባ አህያ አለ። ባለፈው ክረምት በዚያ ሰዓት አህያ የመታ ሞተር ጋራዤ መጥቶ ነበር፤ ነጂው አብሮት አልመጣም። ለመንገድ የገባችሁት የሦስተኛ ወገን መድንም ለሽቅድድም የታሰበ አይደለም። እነዚህ ልጆች ትክክለኛውን መንገድ ይዘው ሲጠይቁ ወደዚያ አንመልሳቸው።

መልስ፦ ከጊንጆ

የማሳውን ነገር ላግዛችሁ። ባለቤቱን በቃል ብቻ አትስማሙ፤ አጭር ወረቀት ተፈራርሙ፣ የኪራዩንም የጉዳቱንም ነገር ጻፉበት። ቀበሌውንና የአካባቢውን ፖሊስ በደብዳቤ አሳውቁ። ስፖርት ጽሕፈት ቤቱም ዘንድ ገና በአራት ሰው ሳላችሁ ብትታወቁ ነገ ክለብ ልመሥርት ስትሉ እንግዳ አትሆኑም። ጎረቤት ያሉ ገበሬዎች ከብት የሚያሰማሩበትን ሰዓት ጠይቁና ከዚያ ውጭ ንዱ። እኛ አካባቢ ሰኔ ከገባ ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ዋናው ልምምዳችሁ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሁን። በክረምት ሞተሩን ፈታችሁ ጥገና ተማሩ።

ጠያቂ፦ የሄርማታ ሞተረኛ (ከሦስት ወር በኋላ)

ያገዛችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልን። የሆነውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ አራት ሄልሜት ገዛን፤ የአንድ ወር ተኩል መዋጮ ሄደበት። ሞተሩን በዕቁቡ ገንዘብና ጓደኛዬ ባበደረን ጭማሪ አንድ አሮጌ ቦክሰር አገኘን። የመሪው ኩሽኔታ ጋሼ እንዳሉት መሃል ላይ ይይዝ ነበር፤ ያንን አሳይተን ዋጋ አስቀነስንና ቀየርነው። ማሳውን ወደ ሰቃ መውጫ ከአብሮ አደጋችን አጎት ተከራየን፤ የበቆሎው አገዳ ሥር ስለቀረ ሁለት ቀን በዶማ ስንነቅል ዋልን። ሳይነቀል ብንነዳ ከመነዳሪውን ይበሳው ነበር።

ያለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያውን በሰዓት አደረግን፤ ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ዙር፣ ምርጧ ብቻ የምትያዝ። እህቴ 41 ሰከንድ ከ3፣ እኔ 43 ከ8። የሷን መውጫ ባንዲራ ይዤ ቆሜ ሳይ ልዩነቱ ገባኝ፦ እኔ ስምንቱ መሃል ላይ ፍሬን እየያዝኩ ነው የምታጠፈው፤ እሷ ከመግባቷ በፊት ትጨርሰውና ከመሃሉ ጀምሮ ቀስ እያለች ጋዝ ትሰጣለች። የኋላ ጎማው ቀይ አቧራ እየበተነ አንድ ጊዜም ሳይንሸራተት ይወጣል። አራተኛው ዙር ላይ አብሮ አደጋችን ወደቀ፤ ጓንቱ መዳፉ ላይ ተቀዷል፣ መዳፉ ግን ደህና ነው። የፍሬን መያዣው ተጣመመ፤ መለዋወጫ ይዘን ስለነበር በሃያ ደቂቃ ቀጠልን።

አሁን ሁለት ልጆች ከመንደራ እንግባ ብለውናል። ሁለቱም የማታ ሽቅድድም ላይ የነበሩ ናቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሄርማታ እንነሣለን፤ ባንዲራ የሚይዝልን አንድ ተጨማሪ ሰው ያስፈልገናል።

መልስ፦ የአጋሮው መካኒክ

እኔ እመጣለሁ። አዲሶቹ ሞተር ይዘው ከመጡ ሽቦና ፒንሳ ይዣለሁ፤ ማፍሰሻው ሳይታሰር ማንም ማሳው ውስጥ አይገባም። ለእህትህ የጋዙን ገመድ አዲስ አምጥቼላታለሁ በልልኝ።