ይግባኝና ሰበር ብቻ የሚይዝ ጠበቃ መሆን እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

ተመራቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ሕግ ጨርሻለሁ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ምስክር መጠየቅ አይሆንልኝም። ምስለ ችሎት (የተማሪዎች የልምምድ ችሎት) ላይ ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ራሴን ታዘብኩት። ፍርድ አንብቤ ስህተቱን መልቀም፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ መጻፍ ግን ደስ ይለኛል፤ የሰበር ቅጾችን፣ ማለትም የሕግ ስህተትን በመጨረሻ የሚያርመው የሰበር ችሎት ውሳኔዎች የታተሙባቸውን መጻሕፍት፣ እንደ ልቦለድ ነው የማነባቸው፣ ሳቁብኝ። አሁን ሁለት ሥራ አግኝቻለሁ። አንዱ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነገረ ፈጅነት (የመሥሪያ ቤቱን ክርክር መያዝ) ነው፣ ደመወዙ ደህና ነው። ሌላው ጠበቃ ቢሮ ነው፣ የሚከፍሉኝ ከታክሲ አያልፍም ግን አቤቱታ ያስጽፉኛል። የቱ ይሻለኛል? ዘልዬ ወደ ይግባኝ መግባትስ ይቻላል?

የልደታ ደንበኛ፦
እህቴ፣ ልደታ ፍርድ ቤት የምመላለስ ጠበቃ ነኝ፤ መዝለል የሚባል ነገር የለም። ይግባኝ የሚበላሸው ታች ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ ቁጥር 329 ታችኛው ፍርድ ቤት ያልተነሳ ነገር ይግባኝ ሰሚው ጋ አዲስ ሆኖ አይመጣም። አንድ ደንበኛ የብድር ክስ ተፈርዶበት መዝገቡን በፌስታል ይዞ መጣልኝ። ቀኑን ስቆጥር ከ10 ዓመት አልፏል፣ በቃ ይርጋ ነው፣ የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ብዬ በልቤ ጨፈርኩ። ከዚያ ታች ለክሱ የሰጠውን የመጀመሪያውን መልስ አወጣሁ። ሦስቴ አነበብኩት። «ይርጋ» የምትል ቃል የለችበትም። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ተከራካሪው ካላነሳው በራሱ አያነሳልህም፣ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1856 ላይ ቁጭ ብሏል። ሰውዬውን «ይግባኝ በማለት ገንዘብህን አትጨርስ» ብዬ መለስኩት። እንዲህ ያለውን ነገር አንቺም የምታውቂው ጥቂት ዓመት መጀመሪያ ደረጃ ላይ መልስ ስትጽፊ፣ ስትሳሳቺ፣ ስትደነግጪ ነው። ምስክር መጠየቅን የምትሸሺ ከሆነ ምስክሩ ምን እንዳልተጠየቀ መዝገቡ ላይ እንዴት ታይዋለሽ?

የቀድሞ ረዳት ዳኛ፦
እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ በኩል ያየሁትን ልንገርሽ። ይግባኝ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታየው ያስቀርባል ወይስ አያስቀርብም፣ ማለትም ክርክሩ ሊሰማ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው፤ ችሎቱ የሥር ፍርድ ቤት ልክ ነው ካለ በሥነ ሥርዓቱ ቁጥር 337 መልስ ሰጭ እንኳን ሳይጠራ መዝገቡን ይዘጋዋል። ሰበር ላይም መጀመሪያ አጣሪ ችሎት አለ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያለሽ ዕድል ያ ወረቀት ብቻ ነው። እኔ የማስታውሰው 14 ገጽ ሆኖ ስምንቱ ገጽ ለቅሶ የሆነ ማመልከቻ ነው፣ ዋናው ነጥብ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ተደብቋል። ጎበዝ የሚባለው ጠበቃ ገና ከመጀመሪያው ገጽ «የሥር ፍርድ ቤት እንዲህ አለ፣ ሕጉ ግን እንዲህ ይላል» ብሎ ይጀምራል። ለዚህ እጅ የሚያሠለጥንሽ ያ የታክሲ ብር የሚከፍለው ቢሮ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ቅጽ ማንበብሽ ጥሩ ነው ግን ቅጽ ብቻ ይዘሽ አትሩጪ። ከ1997ቱ አዋጅ 454 ጀምሮ ከ5 ባላነሱ ዳኞች የተሰጠ የሰበር ትርጉም ታች ያሉትን ያስገድዳል፣ በአዋጅ 1234/2013 ደግሞ ትርጉሙን ለመቀየር 7 ዳኞች ይሰየማሉ። የተቀየረ አቋም ጠቅሶ ችሎት ፊት ማፈርን አይቻለሁ፣ አያምርም።

ነገረ ፈጁ፦
ለምን ሁላችሁም ነገረ ፈጅነትን ትገፋላችሁ? እኔ አንድ መዝገብ ከመጀመሪያ ደረጃ ይዤ ሰበር ድረስ ተከትዬዋለሁ፣ ጠበቃ ቢሮ ብሆን ማን ይሰጠኝ ነበር። ግን እውነቱን ለመናገር የተማርኩት በጥፋትም ነው። መሥሪያ ቤታችን አንድ የሥራ ክርክር ተሸነፈ። ባልደረባዬ ይግባኙን እንደ ተራ ፍትሐ ብሔር 60 ቀን ብሎ ቆጠረው፣ የውሳኔውን ግልባጭም መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። የአሠሪና ሠራተኛ ይግባኝ ግን 30 ቀን ነው! ሬጅስትራር ጋ ስንደርስ ቀኑ አልፏል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ይግባኝ ለማለት የማስፈቀጃ አቤቱታ ጻፍን፣ ግን የሥነ ሥርዓቱ ቁጥር 326 የጠበቃ ወይም የወኪል ጥፋትን በቂ ምክንያት ብሎ አይቀበልም። ወር ሙሉ የአለቃዬን ፊት ማየት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ውሳኔ በእጄ እንደገባ መጀመሪያ የምጽፈው ቀን ነው፣ ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ። ለሰበር 90 ቀን።

ተመራቂዋ፦
አመሰግናለሁ። ይርጋው አስደነገጠኝ። ገንዘቡስ? ይግባኝ ብቻ ይዞ ይኖራል?

የልደታ ደንበኛ፦
ይኖራል፣ ግን ቆይቶ ነው። ይግባኝ የሚመጣ ሰው ብሩን ታች ጨርሶ፣ ቤቱን አስይዞ፣ ጠበቃ የሚባል ፍጥረት ጠልቶ ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜ የሚልኩልሽ ሌሎች ጠበቆች ናቸው፤ ራሳቸው የተሸነፉበትን መዝገብ «አንቺ ብትጽፊው» ብለው። እነሱ እንዲያውቁሽ ደግሞ ታች አብረሻቸው መዋል አለብሽ።

ተመራቂዋ፦
እሺ ጠበቃ ቢሮውን እይዛለሁ። ድምፄስ?

የቀድሞ ረዳት ዳኛ፦
ዳኛው ብዙ አያናግርሽም። «የምትዪው መዝገቡ ላይ የት ጋ ነው?» ይልሻል። ገጹን በወረቀት አመልክተሽበት ከሄድሽ ቢንቀጠቀጥም ይሰማል።