ልጄ «ሁለተኛ ካንተ ጋር አልነዳም» አለች፤ ገና 34 ሰዓት ይቀረናል

ጠያቂ፦ አባት፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ለሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

የመጀመሪያ ልጄ 16 ዓመት ሆኗታል። ፐርሚት (የለማጅ ፈቃድ) ካወጣች 5 ወር አልፏል። እዚህ ቨርጂኒያ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ፐርሚቱን 9 ወር ይዞ መቆየት አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ አዋቂ አጠገቡ ተቀምጦ ቢያንስ 45 ሰዓት መንዳት አለበት። ከዚያ ውስጥ 15ቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። መነዳቱን አረጋግጦ የሚፈርመው ወላጅ ነው። እኛ እስካሁን የነዳነው 11 ሰዓት ብቻ ነው። ማታ አንድም ቀን አልወጣንም።

እኔ እንጀራዬ መንዳት ነው። 17 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ስለዚህ ለልጄ ከኔ የተሻለ አስተማሪ የላትም ብዬ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት እሑድ ከሰዓት በባለቤቴ መኪና ሰፈራችን ውስጥ ትነዳ ነበር። ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። ከፊታችን የስቶፕ ምልክት አለ። አንዲት አሮጊት ከውሻቸው ጋር ሊሻገሩ አስፋልቱ ላይ ወረዱ። «ያዢ!» አልኳት። መኪናው አልቀነሰም። «ያዢ! ያዢ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። አሁንም ይሄዳል። እጄን ሰድጄ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት። የፊት ጎማው የመንገዱን ጠርዝ መታና ፈነዳ። ቆምን። ሴትየዋ ምንም አልሆኑም። ወርጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ እሳቸው ግን ዓይናቸው ልጄ ላይ ነበር። «እሷን እያት» አሉኝ።

ልጄ ወርዳ የኋላ ወንበር ላይ ገብታለች። ጎማውን ቀይሬ እስክጨርስ ቀና አላለችም። ቤት ስንደርስ «ያዢ ስልሽ ለምንድነው ያልያዝሽው?» አልኳት። «ያዝኩ እኮ!» አለችኝ። ዓይኔ እያየ ያልያዘችውን ያዝኩ ስትለኝ ደሜ ፈላ። ትዋሻለሽ አልኳት። «ሁለተኛ ካንተ ጋር አልነዳም» ያለችው ያኔ ነው።

ባለቤቴ ማታ ማታ ትሠራለች፤ በዚያ ላይ እሷም ትፈራለች። የ22 ዓመት የአጎቷ ልጅ አለ። እሱ ቢያስነዳት ሕጉ ይፈቅዳል? ከሁሉም በላይ ግን ልጄን እንዴት ልመልሳት? ፍርሃቴ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። አንድ ሌሊት 395 አውራ ጎዳና ላይ የተገለበጠ መኪና አጠገብ አልፌያለሁ። አስፋልቱ ላይ አንድ ነጭ የልጅ ስኒከር ወድቆ ነበር። ልጄ መሪ በያዘች ቁጥር ያ ጫማ ይመጣብኛል።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

አይዞህ ወንድሜ። እኔ ሁለት አስነድቻለሁ። የኛ ሜሪላንድ እንዲያውም 60 ሰዓት ነው የሚጠይቀው፣ 10ሩ ማታ። እና ይኼ ሰዓት እንዴት ይሞላል ብዬ አልቅሼ አውቃለሁ።

ከትልቁ ልጄ ጋር የሠራሁት ስህተት እንዳንተው ነው። ቶሎ ወደ መንገድ ወጣን። ከሁለተኛዋ ጋር ግን ሦስት እሑድ ሙሉ ጠዋት ጠዋት ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ቆየን። የመጀመሪያው ቀን ነዳጅ አልነካችም። መኪናው በራሱ ሲንፏቀቅ ፍሬን መያዝና መልቀቅ ብቻ። «እዚያ ነጭ መስመር ላይ አቁሚልኝ» እላታለሁ፣ ታቆማለች። መጀመሪያ ላይ እየነጠረች ነበር የምትቆመው። ወደ መጨረሻ ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀመጥኩት የውሃ ጠርሙስ ሳይወድቅ ማቆም ቻለች። እኔም ያኔ ነው እግሯን ያመንኩት።

ሌላ፣ ከ30 ደቂቃ በላይ አትውጡ። ከዚያ በኋላ እሷም ትደክማለች፣ አንተም ትቆጣለህ። መኪና ውስጥ ስለ ትምህርት ቤት ውጤት፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ጓደኛ ምንም አታንሳ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ግራ መታጠፍ። ቀስት የሌለው አረንጓዴ መብራት ላይ ከፊት መኪና እየመጣ ነው፤ ልጁ ክፍተት ይጠብቃል። እኛ «ሂድ፣ ሂድ!» እንላለን። አትበል። ሂድ ስትለው መንገዱን ማየት ትቶ ያንተን ቃል ነው የሚጠብቀው። ክፍተቱን ራሱ ይምረጥ። ከኋላ ክላክስ ቢነፋበትም ይነፋ። ያንተ ሥራ «ቁም» ማለት ብቻ ይሁን።

መልስ፦ አባት፣ ዉድብሪጅ

ወንድሜ ለምን ራስህን ታስጨንቃለህ? 45 ብለህ ጻፍና ፈርም። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ቀሪውን ከትምህርት ቤቱ አስተማሪ ጋር ትማረዋለች።

መልስ፦ የድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ ፌርፋክስ

ይቅርታ ወንድሜ፣ ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ቅጹ ላይ ያልሆነ ነገር አረጋግጦ የፈረመ ሰው ሊከሰስ እንደሚችል ተጽፎበታል። ግን የኔ ነገር እሱ አይደለም። ልጆች በብዛት የሚጋጩት ፐርሚት ይዘው ከኛ ጋር ሲነዱ አይደለም። ፈቃዱን አግኝተው ብቻቸውን በወጡባቸው የመጀመሪያ ወራት ነው። ጓደኛ ሲጭኑ ደግሞ አደጋው ይጨምራል። ለዚህ ነው ቨርጂኒያ በመጀመሪያው ዓመት ከቤተሰብ ውጭ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ከአንድ ሰው በላይ እንዳይጭኑ የሚከለክለው። ከ18 ዓመት በታች ሳሉ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት (በፈረንጅ 4 a.m.) ብቻቸውን አይነዱም። ከትምህርት ቤት ጋር የሚነዱት 7 ጊዜ ነው፤ ሌላው 7 ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው ሌላው ልጅ ሲነዳ ማየት ነው። 7 ክፍለ ጊዜ 45 ሰዓት አይተካም።

እኔ ሌሊት ተረኛ ሆኜ የወላጅ ፊት አያለሁ። እባካችሁ ሰዓቱን ንዱት። በተለይ የማታውን፣ በተለይ የዝናቡን። ዋይፐር ሲሠራ የፊት መብራት መብራት እንዳለበት ሕግ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ይረሱታል።

የአጎቷ ልጅ 21 ዓመት ካለፈውና የጸና ፈቃድ ካለው ከፊት ተቀምጦ ሊያስነዳት ይችላል። ግን አባትየው፣ ለሱ ብቻ ትተህ አትውጣ።

መልስ፦ የቀድሞ መንጃ አስተማሪ፣ አዲስ አበባ

እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ። መንጃ ማሠልጠኛ ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። ያንተን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር ነው የታየኝ። በማሠልጠኛው መኪና ከኔ እግር ሥርም ፍሬንና ፍሪሲዮን ነበር። ለማጁ ቢደነግጥ እኔ እይዛለሁ። ለዚህ ነው ድምፄን ከፍ ሳላደርግ ማስተማር የቻልኩት። ትዕግሥቴ የመጣው ከእግሬ ነው ማለት እችላለሁ። አንተ ከእግርህ ሥር ምንም የለም። ያለህ አፍህና እጅህ ነው፤ በሁለቱም ተጠቀምክ። ራስህን አትርገም።

ግን መሪ አትቀማ። ለማጅ መሪውን ሲነጠቅ እግሩን ይረሳዋል። ነዳጅ ላይ ከነበረ እዚያው ይቀራል፣ እንዲያውም ይጫናል። የእጅ ፍሬኑ መሃል ላይ ከሆነ እሱን ተማርና ባዶ ቦታ ላይ አብራችሁ ሞክሩት። እኛ ቤት ለማጁ እየነዳ የሚያየውን ጮክ ብሎ እንዲናገር አደርግ ነበር። «ዜብራ፣ ሕፃን፣ ቀይ መብራት፣ የቆመ አውቶቡስ።» የተናገረውን አይቶታል። ዝም ካለ ያኔ ቀድመህ ረጋ ብለህ ትነግረዋለህ። አንተ እኮ የፈራኸው አሮጊቷን አይታ ይሁን አይታ አይሁን ስላላወቅክ ነው። ብትናገር ኖሮ ታውቅ ነበር።

ደግሞ መጀመሪያ ቦታውን ንገራት፣ ቀጥሎ የምታደርገውን። «ከሚቀጥለው መብራት፣ ወደ ግራ።» «ግራ፣ ግራ፣ እዚህ ጋ!» ካልካት አልፋው ትሄዳለች፤ ወይም ሳታይ ትታጠፋለች። ካለፈች ይለፍ፣ ዞራችሁ ትመጣላችሁ።

መልስ፦ የ19 ዓመት ልጅ፣ አርሊንግተን

ጋሼ፣ ሰላም። እኔ ወላጅ አይደለሁም፤ ፈቃዴን ካወጣሁ ሦስት ዓመት አይሞላም። አማርኛ ጽፌ ብዙ ስለማላውቅ እናቴ አርማልኛለች። የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ልጅዎ የዋሸችዎ አይመስለኝም።

እዚህ ላደግን ልጆች «ያዢ» ማለት በእጅ ያዢ ማለት ነው። ቦርሳ ያዢ፣ እጄን ያዢ። ፍሬን የሚባለውን ቃል ራሱ የሰማሁት መንዳት ስጀምር ነው። አባቴ መኪና ውስጥ «ያዢ» የሚለው ለሦስት ነገር ነበር። «ቀኝሽን ያዢ» ይላል፣ ወደ ቀኝ ጠጋ በዪ ማለቱ ነው። «መሪውን ያዢ» ይላል። ደግሞ ሲደነግጥ «ያዢ!» ብቻ ይላል፤ ያኛው ፍሬን ነው። እኔ መጀመሪያ ላይ «ያዢ!» ሲለኝ መሪውን አጥብቄ ነበር የምይዘው። «ስጪው» ሲለኝም ምኑን እንደምሰጠው አላውቅም ነበር። ነዳጅ ማለቱ ኖሯል።

ልጅዎ ያን ቀን ምን እንደያዘች ቢጠይቋት ጥሩ ነው። ግን እንዳይቆጧት።

ሌላው፣ እናቴ አጠገቤ ሆና «ውይ!» ስትል ቶሎ ዞር ብዬ እሷን ነበር የማየው። ምን ሆነች ብዬ። መንገዱን ትቼ። እባክዎ «ውይ» አይበሉ።

ጠያቂው፦ በዚያው ሌሊት

ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። እናትሽንም። አሁን ከሥራ ገብቼ ነው ያነበብኩት። ተኝታለች። ነገ እጠይቃታለሁ።

መልስ፦ እናት፣ አናንዴል

ስለ ወረቀቱ ልንገርህ፣ ልጄ ባለፈው ዓመት ነው የጨረሰው። በሰሜን ቨርጂኒያ ወላጅና ልጅ አብረው የሚገኙበት የ90 ደቂቃ ስብሰባ አለ፣ እንዳያመልጥህ። ከአስተማሪው ጋር የሚነዳው ሲያልቅ የሚሰጠው ሰርተፊኬት 180 ቀን እንደ ጊዜያዊ ፈቃድ ያገለግላል፣ 9 ወሩ ከሞላና አንተ ከፈረምክ። ዋናውን ፈቃድ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። በኛ ቀን ዳኛዋ ፈቃዱን ለኔ ሰጥታ «ዝግጁ ነው ካልሽ ስጪው» አለችኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሰዓቱን በእውነት ነድተነው ስለነበር ሰጠሁት።

ኢንሹራንስህ ጋ አሁኑኑ ደውል፣ ፈቃድ እስክታወጣ አትጠብቅ። ብዙዎቹ ልጁ በፐርሚት ሲነዳ በወላጅ ውል ይሸፍናሉ፣ ግን ማወቅ ይፈልጋሉ። ፈቃድ ስታወጣ ዋጋው ይጨምራል፤ ውጤቷ ጥሩ ከሆነ ቅናሽ ጠይቅ። ለሥራ የምትነዳውን መኪና ግን ሳትጠይቅ እንዳታስነዳት።

ጠያቂው፦ ከ5 ሳምንት በኋላ

ሰላም ወገኖቼ። ዘገየሁ፣ ግን የመከራችሁኝን ሁሉ ጽፌ ይዤ ነበር።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ጠየቅኳት። «ያን ቀን ምኑን ነበር የያዝሽው?» ምንም አልመለሰችም። ማንኪያዋን አስቀምጣ ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘረጋች፣ ጨበጠችና አሳየችኝ። መሪውን። ጣቶቿ እስኪነጡ ነበር የጨበጠችው። ትዋሻለሽ ስላልኩሽ ይቅርታ አልኳት። በሕይወቴ ለልጄ ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው። አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ያን ቀን ስለ መኪና ሌላ አላነሳንም።

ቅዳሜ መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁመን፣ ሞተር ሳናስነሳ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ ተስማማን። ፍሬን ስፈልግ «ስቶፕ» ብቻ ነው የምለው፤ «ስቶፕ» ለሌላ ነገር አይውልም። «ያዢ» የሚለው ከመኪናው ወጣ። ቀኝና ግራን በአማርኛ አስቀረናቸው፣ እሷ ናት ያለችው። «ፍሬቻ» የሚለውን ወዳዋለች፣ አሁን ለጓደኞቿ ታስተምራለች። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ። መናገር ያለብኝን መኪናው ከቆመ በኋላ ነው የምናገረው፣ እሱም አንድ ነገር ብቻ። ከብዶኛል። ሁለት ቀን አፌ አምልጦኝ «ውይ» ብያለሁ።

ከዚያ ሦስት እሑድ ፓርኪንግ ገባን፣ የውሃ ጠርሙሱን ይዘን። የአጎቷ ልጅም ሁለት ጊዜ ይዟት ወጣ፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ። እሱ እንዴት ዝም እንደሚል አየሁ።

አሁን የምታየውን ጮክ ብላ ትናገራለች። ቀይ መብራት፣ ብስክሌት፣ ሰውዬው ስልክ ያያል። ባለፈው ሐሙስ ማታ ዱክ ስትሪት ላይ ስንሄድ «ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው፣ በግራ» አለች። እኔ አላየሁትም ነበር። 17 ዓመት ነድቼ አላየሁትም። ቀስ ብላ አቆመችለት፣ ተሻገረ።

24 ሰዓት ደርሰናል፣ 8ቱ ማታ ነው። ነገ ማታ ዝናብ አለ ይላል። እንውጣ ያለችው እሷ ናት።