ሁለታችንም ስንታመም ማን ማንን ይደግፍ?

ሰላም ወገኖች። ባለቤቴ ባይፖላር አለባት፤ ስሜቷ አንዴ ከልክ በላይ የሚነሳ፣ አንዴ ደግሞ የሚወድቅበት ሕመም ነው። ለዚሁ ሊትየም የሚባል መድኃኒት ትወስዳለች። እኔ ደግሞ ለድብርት ፍሉኦክሰቲን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እሷ ደህና ስትሆን ቤታችን ደስ ይላል፤ እንዲያውም የምታስቀኝ እሷ ናት።

ካለፈው ወር ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጣች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ቁም ሳጥን ታራግፋለች፤ የዕቁቡን ብር ሳትነግረኝ መጋረጃ ገዛችበት። አምናም እንዲሁ ነበር የጀመራት። እኔም በዚያው ሰሞን ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። የእሷን ክኒን ቆጥሬ እየሰጠሁ የራሴን ሦስት ቀን ረሳሁት።

አማቴ መድኃኒቱን ትተሽ ጸበል ግቢ ይሏታል። ጸበሉን አልቃወምም፣ እኔም እጠመቃለሁ። የሚያስፈራኝ ጾሙና ማስመለሱ ነው። ሰውነቷ ውሃ ካጣ ሊትየሙ ደሟ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በየጊዜው ደሟ የሚመረመረውም መጠኑን ለማየት ነው። ይህን እንዴት ላስረዳቸው? «ልጄን በክኒን አደነዘዝካት» ሲሉኝ መልስ አጣለሁ።

ከእናንተ መካከል ባልም ሚስትም ታመው የሚኖሩ አሉ? ሕመማችሁ ባንዴ ሲነሳ ምን ታደርጋላችሁ? ቢሾፍቱ ያለችውን እህቴን ለሁለት ሳምንት ነይልን ልላት አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ሕመሟን ለቤተሰቤ እንዳልናገር ቃል አስገብታኛለች። ቃሌን ላፍርስ? ቀጠሮዋ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል፤ ሳይደርስ ይዣት ልሂድ ብል ደግሞ እሺ የምትለኝ አይመስለኝም።